የጎማ ቤቱ ሹፌር

ሐጂ ከድር ስልክ የሚደውሉ ሰው አይደሉም። ጉዳይ ካላቸው ሰው ይልካሉ፤ የሚልኩት ካጡ ራሳቸው መኪና አስነስተው ይመጣሉ። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት፣ ይርጋጨፌ የቡና ማጠቢያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ፣ ገና ሳላነሳው ክፉ ወሬ እንደሆነ አወቅኩ።

"ምህረት፣ ሸምሱ ሄደብን" አሉኝ። "ሱብሂ ሰግዶ ገብቶ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ጀናዛው ከዙሁር በኋላ ይወጣል። አንቺ ሳትሰሚ ቢቀበር ይወቅሰኛል ብዬ ነው።"

ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ዘጉት። እኔም ለማን ምን ብዬ እንደወጣሁ ሳላውቅ ራሴን ዲላ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁት። ሹፌሩ ጎረምሳ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ኩርባ እየበረረ ይገባና መጨረሻ ላይ ፍሬኑን ይረግጠዋል፣ ጎማው ሲጮህ ይሰማል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አላስቻለኝም።

"ጎማውን ፈጀኸው እኮ!" አልኩት።

በመስታወቱ አየኝና "እናቴ፣ ያንቺ ነው እንዴ?" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣ። ያ ንግግር የእኔ አልነበረም፤ የጋሽ ሸምሱ ነው። ከእሱ ጎን በሠራሁባቸው ዓመታት ሳላውቀው ስንት ነገሩ አፌ ላይ ቀርቷል።

ጋሽ ሸምሱን ያወቅኩት በግድግዳ በኩል ነው። ዲላ መናኸሪያ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ፤ እሱ ደግሞ አጠገቤ ጎማ ይሸጣል። በመሃላችን ያለው ቺፕውድ ስለነበር እሱ ሲያስነጥሰው እኔ "ይማርህ" እላለሁ፤ እኔ ደንበኛ ላይ ስጮህ እሱ ከወዲያ "ተይ እንጂ ምህረት!" ይለኛል። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። "ስምሽና ጠባይሽ የሚተዋወቁት መቼ ነው?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በዕድሜ ቢበልጠኝም "አንተ በይኝ፣ አንቱታ ጎማ አይነፋም" ብሎ አስለመደኝ።

ደረተ ሰፊ፣ ክንደ ብርቱ ሰው ነበር። ቀኝ እግሩ ግን በልጅነቱ በፖሊዮ መንምኖ ስለቀረ ከከዘራው አይለይም። ጎማ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አያውቅም። የራሱም ይሁን የሰው፣ ጎንበስ ይልና የአውራ ጣቱን ጥፍር የጎማው ጥርስ ውስጥ ሰካ አድርጎ "ይሄ ገና ነው" ወይም "ይሄስ ፈጣሪውን እየጠራ ነው" ይላል። መስጊድ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በመንገዱ ላይ እንደቆሙት ባጃጆች ብዛት ነበር።

ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ ነው። አባታቸው በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና የጀመሩትን ልጆቹ አስፍተውት፣ ቡና ከወርቃ፣ ከሬኮ፣ ከይርጋጨፌ የሚያነሱ መኪኖች ነበሯቸው። የዚያ ቤት ወንድ ልጅ ሁሉ ሹፌር ነው። ትልቁ ወንድሙ ሐጂ ከድርማ ያንን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነዱታል ይባል ነበር። የሸምሱ ተራ ሲደርስ ግን አባታቸው እግሩን አይተው "አንተ ጎማውን ያዝልን" አሉት። ያዘላቸው። ወንድሞቹ የሚነዱበትን ጎማ ዕድሜ ልኩን ሲነፋ፣ ሲፈትሽ፣ ሲቀይር ኖረ።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። መኪና ሊወጣ ሲል የቤቱ ታላቅ ይመጣል፤ እጁን በሹፌሩ በር ላይ ያሳርፍና ሹፌሩን በስሙ ጠርቶ "በሰላም ግባ" ይለዋል። ይሄ ሳይባል ሞተር አይነሳም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን የሚያደርጉት ሐጂ ናቸው፤ ስንት ጊዜ እንቅልፋቸውን ትተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ሲወጡ አይቻለሁ። ጋሽ ሸምሱ በዚያ ሰዓት ጎማ ነፍቶ ጨርሶ ከዘራውን ተደግፎ ዳር ይቆማል።

"ለእኔ ተብሎልኝ አያውቅም" አለኝ አንድ ቀን እየሳቀ። "የት ልሄድና ይበሉኝ?" የሳቀው እኔ እንዳላዝንለት ብሎ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ራሱ መሪ የጨበጠው በእህቱ ልጅ ሰበብ ነው። ልጁ ዲላ ተማሪ ሳለ፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገጠም የመኪና መሪና ፔዳል ከአዲስ አበባ አምጥቶ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጓዳ ይጫወትበት ነበር። ተመርቆ ሲሄድ ጥሎት ሄደ። ከወራት በኋላ ጋሽ ሸምሱ በግድግዳው በኩል ጠራኝና "አንቺ ኮምፒውተር ታውቂ የለ? እስቲ ይሄን ነገር አስነሺልኝ" አለኝ። ለመሸጥ የሚፈልግ መስሎኝ ነበር።

በየነ የሚባል ጎሚስታ ነበረው፤ የኮቸሬ ሰው ነው፣ አማርኛ ይሰባበርበታል፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ ይለጥፋል። እሱ ፍሬኑን በእጅ የሚጎተት ብረት በይዶ አደረገለት። ጋሽ ሸምሱ ነዳጁን በግራ እግሩ ይረግጣል፣ ፍሬኑን በግራ እጁ ይስባል፣ መሪውን በቀኙ ይይዛል። ከመቀመጡ በፊት ቱታውን አውልቆ ንጹህ ሸሚዝ ይለብሳል፤ "ሹፌር ለብሶ ነው የሚወጣ" ይላል። ከዘራውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ግድግዳውን እየያዘ ይገባና "ቢስሚላህ" ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ቀን፣ ብቻውን ስክሪኑ ላይ ያለውን ሜዳ አንድ ጊዜ ዞሮ ሲጨርስ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም የኬብል ነገር የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ውድድሩ በኢንተርኔት ነው። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ስሙን በማናውቀው አገር ሆኖ፣ ሁሉም በየቤቱ መሪውን ይዞ በአንድ ሜዳ ይነዳል። መኪናው ስክሪን ላይ ነው፤ ጎማው ግን እንደ እውነተኛው ያልቃል። ለስላሳውን ጎማ ያስገባ ይፈጥናል፣ ግን ቶሎ ይበላበታል። ጠንካራው ያዘግማል፣ ግን ያቆያል። በመሃል ወደ ፒት፣ ማለትም ወደ መቀየሪያው ገብቶ አዲስ ጎማ ማስገባት ይቻላል፤ ሲገቡ ደግሞ ሌላው ያልፋል። መቼ ልግባ፣ ስንቴ ልግባ የሚለው ነው ጭንቁ ሁሉ።

የጎማ ሰው ስለሆነ ይቀናዋል ብዬ ነበር። ጭራሽ! ጉድ ያደረገው ያው እውቀቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ክሩ እስኪታይ ድረስ ሲያስነዳ የኖረ ሰው፣ ደህናውን አውልቆ መጣል አቃተው።

"ጋሼ፣ ግባና ቀይር! ሁሉም እያለፈህ ነው!"

"ገና ጥርስ ያለውን ጎማ አውልቄ ልጥል? ግፍ አይሆንም?"

"ጎማ እኮ የለም! ስዕል ነው!"

"ስዕልም ቢሆን።"

በዚህ አመሉ ለወራት መጨረሻ ሲወጣ ከረመ። ሌላም ነበረበት። በእኛ አገር መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይታለፍም፤ ሹፌር የሆነ ሁሉ አቁሞ "ምን ሆንክ?" ይላል፤ ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ ቅጠል ተቆርጦ አስፋልቱ ላይ ይዘረጋል። አንድ ቀን ውድድር መሃል ከፊቱ የነበረ መኪና ዞሮ ሜዳው ላይ ቆመ። ጋሽ ሸምሱ አጠገቡ ሄዶ ቀጥ አለ! ማይክሮፎኑን ከፍቶ "ወንድሜ፣ ምን ገጠመህ?" ሲል ከኋላ የሚመጣው ሁሉ እላዩ ላይ ተከመረ። በማናውቀው ቋንቋ ሁሉ ተሰደበ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ በሳቅ ስሞት፣ እሱ ከልቡ አዝኖ "ቅጠል እንኳ የሚዘረጋበት የለውም እኮ ይሄ መንገድ" ይለኛል።

ያን ቀን ያጣው ነጥብ ነው እያደር ሐሳቡን ሁሉ የያዘው። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ነጂ ሁለት ማዕረግ ይሰጣል፤ አንዱ የፍጥነት ነው፣ አንዱ የጥንቃቄ። የፍጥነቱ ስታሸንፍ ይጨምራል። የጥንቃቄው ሰው ስትነካ፣ ከመንገድ ስትወጣ፣ ይባስ ብሎ ሰው ሲነካህም ይቀንሳል። መብራት ጠፍቶብህ ከውድድር ብትወጣም ያው ነው፤ ዲላ መብራት ጠፋ ብሎ የሚያዝንልህ የለም። ለዚህ ሲል ጋሽ ሸምሱ ሁለት የጭነት መኪና ባትሪዎች የባትሪ ኃይል ወደ መብራት ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር አጋጥሞ ከወንበሩ ሥር አስቀምጦ ነበር።

እኔም ለምጄ፣ በምሳ ሰዓት ገብቼ እነዳለሁ። በፍጥነት እሱ አጠገቤ አይደርስም። የጥንቃቄ ማዕረጌ ግን ከሁሉም በታች ነበር። አንድ ቀን አንዱ ከኋላ መትቶኝ የእኔ ነጥብ ሲቀነስ፣ መሪውን በቡጢ መታሁትና "እሱ ገጭቶኝ እኔ ልቀጣ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" አልኩ።

"ጥፋተኛው ማነው ብሎ የሚጠይቀው ትራፊክ ነው" አለኝ ጋሽ ሸምሱ። "ብረት አይጠይቅም።"

"ፈጣን ስለሆንኩ ቀንተው ነው የሚገጩኝ።"

"ፈጣንስ ነሽ። ግን እስቲ አስቢው ምህረት፣ አጠገብሽ መንዳት የሚፈልግ ሰው አለ?"

በቀስታ ነው የተናገረው። እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ፤ ለቀናትም በግድግዳው በኩል ቢያስነጥስ ይማርህ አላልኩትም። የተናደድኩት ስለ ጨዋታው አልነበረም። ሱቄ የሚገባውን ደንበኛ፣ ቤት ያሉትን እህቶቼን፣ ከቸርች አብረውኝ የሚመለሱትን ልጆች ሁሉ በዓይነ ሕሊናዬ እየጠራሁ ያችን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። መልሱን አልወደድኩትም። እስከ ዛሬም ሰው ላይ ልጮህ ስል ያች ጥያቄ ትቀድመኛለች፤ ሁልጊዜ ባታስቆመኝም።

እሱ የጥንቃቄ ማዕረጉን "መንጃ ፈቃዴ" ነበር የሚለው። ሲያልፉት ስክሪኑን እያየ "መንገዱ ያንተ" ይላል፤ ሊያልፍ ሲል "ይቅርታ የኔ ልጅ" ይላል፣ ቢሰሙትም ባይሰሙትም። ከጎማ ጋር የነበረውን ጣጣም በራሱ መንገድ ፈታው፦ ጠንካራውን አስገብቶ፣ መሪውን ሳያጣድፍ፣ ሌላው ሁለቴ ሲገባ እሱ አንዴ ብቻ ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? ከመጨረሻ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ፊት መጣ። የጥንቃቄ ማዕረጉ ደግሞ ከፍ ከፍ ብሎ ከሁሉም የበላይ የሆነው "ኤ" ላይ ደረሰ። ያን ቀን በየነንና እኔን ሙሉ ክትፎ ጋበዘን፤ በየነ ምን እንደተከበረ ሳይገባው "እንኳን ደስ አላት ጋሼ" እያለ ይጎርስ ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሐጂ ከድር ጓዳዋን አንድ ቀን ገልጠው አላዩም። ወንድማቸው ጨዋታ እንደሚጫወት ያውቃሉ፤ በሱቅ ሰዓት ስላልሆነ ዝም ይላሉ። የቡናው ወቅት ሲቃረብ ግን መጡ። መኪኖቹ ጨምረዋል፣ ጎማ በብዛት ሊገባ ነው፣ ማስቀመጫ የለም።

"ሸምሱ፣ ያችን ጓዳ ልቀቅልኝ" አሉት። "አሁን ያንተ ዕድሜ የጨዋታ ነው?"

በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ጋሽ ሸምሱ እንደ ልማዱ ያላግጣል ብዬ ጠበቅኩ። የሰማሁት ግን ከዘራው መሬቱን ሲቆረቁር ነው።

"እለቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። የሚመጣው እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ውድድር አለኝ። መጥተህ፣ ተቀምጠህ፣ እስኪያልቅ ድረስ ስነዳ እየኝ። ከዚያ ጓዳውን ውሰደው።"

"ምኑን ነው የማየው?"

"እኔን። ሌላ ምን አለ? እኔ አንተ ስትነዳ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼሃለሁ።"

ሐጂ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ጋሽ ሸምሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሙሽራ ተረበሸ። ውድድሩ በአገር ውስጥ ነጂዎች መካከል የሚደረግ ረጅም ውድድር ነው፤ የጥንቃቄ ማዕረጉ "ኤ" ያልሆነ አይገባም። እኔ መግባት ስለማልችል አጠገቡ ተቀምጬ የጎማውን ሁኔታና የሌሎቹን ርቀት እንድነግረው ተስማማን። ማሸነፍ አለማሸነፉ ግድ እንዳልሰጠው አውቃለሁ። የጨነቀው ሐጂ ይመጣሉ ወይስ አይመጡም የሚለው ነበር።

መጡ። ከቸርች ወጥቼ ስደርስ ሁለት ጎማ ደርበው ተቀምጠውበታል፣ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ። ጋሽ ሸምሱ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ከዘራውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባ፣ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ። ከዚያ ዞሮ ወንድሙን አያቸው። ምን ቃል እንደሚጠብቅ ገባኝ።

"ጀምር እንግዲህ" አሉ ሐጂ።

ጋሽ ሸምሱ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ለስላሳ ጎማ ያስገቡት ሁሉ ገና ከመነሻው ጥለውት ሄዱ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያዩ ነው። ቆይቶ የፊተኞቹ ጎማ እያለቀ አንድ በአንድ ወደ ፒት ሲገቡ፣ ጋሽ ሸምሱ ሳይጣደፍ ወደ ላይ ወጣ። ግማሽ ላይ አንድ ጊዜ ገብቶ ቀየረና ተመለሰ፤ አሁንም ወደ ላይ። ሐጂ መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱት። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ።

ኢንቨርተሩ ቀጭ ብሎ ያዘ፤ ስክሪኑ አልጠፋም። ወዲያው ግን የባትሪ ማለቅ ጩኸት ተሰማ። በየነ ጎንበስ ብሎ ነካካና "ጋሼ፣ ይቺ ባትሪ ደክሟል" አለ። "ሁለቱም ደክሟል። አይጨርስም።"

"እስከ ስንት ያደርሰኛል?" አለ ጋሽ ሸምሱ ሳይዞር።

"እኔ ምን ያውቃል! ትንሽ ነው።"

ስክሪኑ ቢጠፋ "መንጃ ፈቃዱ" ይወርዳል፤ ያ ይሁን። ወንድሙ ግን አንዴ ብቻ ለማየት ቁጭ ያሉትን ነገር ሳያዩ ሊነሱ ነው። ይህን ሳስብ ሐጂ ብድግ አሉ። በሩን ከፍተው ወደ ዝናቡ ወጡ።

"ሄደ?" አለኝ ጋሽ ሸምሱ። ድምፁን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም።

"ዝም ብለህ ንዳ" አልኩት። ሐጂን በልቤ ክፉኛ ረገምኳቸው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የባትሪው ጩኸት እየፈጠነ ሄደ። ያኔ በሩ ተበረገደና ሐጂ ገቡ፤ ከላይ እስከ ታች በስብሰዋል፣ ነጩ ጀለቢያቸው ጥቁር ቅባት ሆኗል፣ በሁለት እጃቸው ባትሪ ታቅፈዋል። ወደ ወርቃ ሊነሳ ደጅ ከቆመው መኪናቸው ላይ ራሳቸው ፈትተው ያመጡት ነው። "ቶሎ ግጠም! ያኛውን ሳትነቅል!" አሉት በየነን። ጋሽ ሸምሱ ሊዞር ሲል ጮኹበት።

"አትዙር! መንገድህን እይ!"

ለረዳትና ለጀማሪ ሹፌር የሚጮኹት ጩኸት ነው። ጋሽ ሸምሱ መንገዱን አየ።

ውድድሩ ሊያልቅ ሲል አንደኛ ሆነ። ሌላው ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ገብቶ አዲስ ጎማ አስገብቷል፤ እሱ በአሮጌው ነው። ናሆም የሚባል የሐዋሳ ተማሪ ከኋላ እየበረረ መጣበት።

"ጋሼ ግባ፣ በቃ ጎማህ ሞቷል!" ይላል ናሆም ራሱ በድምፅ ማጉያው እየሳቀ።

"ግባ!" አልኩ እኔም። "ሦስተኛ ትወጣለህ፣ ይበቃል!"

"ገና ጥርስ አለው።"

ሐጂ ተመልሰው አልተቀመጡም፤ ከወንበሩ ኋላ ቆመው ነበር። "የለውም ሸምሱ" አሉ። "ጅራቱን አታየውም? እየከዳህ ነው።"

የመጨረሻው ዙር ላይ ናሆም ጎን ለጎን ሆነ። ኩርባው ላይ የጋሽ ሸምሱ መኪና ከኋላ ተንሸራተተና ነካው፤ ናሆም ከመንገድ ወጥቶ ሣር ውስጥ ገባ። ከፊት ማንም የለም። የመጨረሻው መስመር ይታያል።

ጋሽ ሸምሱ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ዳር ይዞ ቆመ።

"ንዳ!" ብዬ ጮህኩ። "ንዳ እንጂ! ምን ሆነሃል?"

ናሆም ከሣሩ ወጥቶ እስኪያልፈው ጠበቀ። ሲያልፈው "መንገዱ ያንተ" አለው፤ ከዚያ ተከትሎት ገባ። ሁለተኛ። በመንካቱ የጥንቃቄ ማዕረጉም ከ"ኤ" ወረደ። ለረጅም ጊዜ የለፋበት ሁሉ በዚያች ኩርባ ሄደ። ድምፅ ማጉያው ውስጥ ናሆም "ጋሼ፣ አብደሃል እንዴ?" አለ፤ ቆይቶ ደግሞ "አመሰግናለሁ" አለ።

ሐጂ እጃቸውን ጀለቢያቸው ላይ ጠረጉ።

"ለምን ቆምክ?"

"አስወጣሁት እኮ።"

ሐጂ ጠጋ ብለው ስክሪኑን አዩ።

"አንዴ ብትገባ ኖሮ" አሉ በመጨረሻ፣ "ጎማው ይይዝልህ ነበር። ስስትህ ነው የገደለህ።"

"ብገባ ኖሮ ፊት አልሆንም ነበር!"

"ፊት ሆነህስ ምን አገኘህ?"

"አንተ ራስህ ያን ጊዜ ይርጋጨፌ ዳገት ላይ በላጣ ጎማ..."

"የዳገቱ ሌላ ነው! ጭነት ነበረኝ!"

እስከ መግሪብ ተከራከሩ። እየተጯጯሁ፣ በእጃቸው ኩርባ እየሳሉ፣ ሁለት ሹፌሮች መናኸሪያ ሲገናኙ እንደሚከራከሩት። ጋሽ ሸምሱ ተሸንፎ፣ ማዕረጉን አጥቶ፣ ፊቱ እንዲያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የወርቃው መኪና ባትሪው ተመልሶለት የተነሳው ዘግይቶ ነው።

በነጋታው የጎማ ጭነት መጣ። ጫኞቹ ወደ ጓዳዋ ሲያመሩ ሐጂ ከደጅ "እዚያ አይደለም! ቤት ውሰዱት፣ ግቢ ውስጥ" ብለው መለሷቸው። ስለ ጓዳዋ ዳግመኛ የተነሳ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ እኔ ሱቄን ዘግቼ ይርጋጨፌ ሥራ ገባሁ። ማዕረጉን መልሶ ያገኘ ዕለት ደውሎ "ምህረት፣ መንጃ ፈቃዴ ታደሰ!" አለኝ። ሐጂ አንዳንድ እሁድ መጥተው እንደሚያዩትና ሁልጊዜም በጎማ እንደሚጣሉ ነገረኝ።

"ታዲያ ልትነዳ ስትል በሰላም ግባ ይሉሃል?" አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

"አይ ምህረት" አለኝ። "ያ እኮ ለመንገድ ነው። እኔ ከጓዳ የት እወጣለሁ?"

በዚያ ሚኒባስ ዲላ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። መኪኖቻቸው ከየመንገዱ ተጠርተው ደጁ ላይ ተደርድረዋል። በየነ አጥር ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ከሴቶቹ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከዘራው እሱ እንዳኖራት በሩ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየተጠነቀቀ በጎኗ ያልፋል፣ የሚያነሳት የለም።

ዙሁር ተሰገደ፤ ቃሬዛው ከቤት ወጣና ሊሸከሙት የተዘጋጁት ወጣቶች ከበቡት። ሊያነሱት እጃቸውን ሲሰዱ ሐጂ ከድር "ቆይ" አሉ። በሰዉ መሃል አልፈው መጡ። ከአፋቸው ዱዓ የሚወጣ መሰለን።

እጃቸውን በቃሬዛው እንጨት ላይ አሳረፉ። የመኪና በር ላይ እንደሚያሳርፉት፣ መዳፋቸውን ዘርግተው።

"ሸምሱ" አሉ፤ "በሰላም ግባ።"

ያን ጊዜ ነው ያነሱት።